ወንጀሉና መዝገቡ፦ ከገሱባ የታየ የወላይታ የጸጥታ ታሪክ

ገሱባ ከወላይታ ዋና ከተማ ከሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት የእርሻ አገር መካከል የምትገኝ የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዛሬ እዚያ ላሙ የተሰረቀበት፣ ድንበሩ የተገፋበት ወይም ልጁ የተደበደበበት ሰው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ አቤት ይላል። ቃሉ ይመዘገባል፣ ምስክር ይጠራል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል። ከጥንት የነበረ እስኪመስል ድረስ ይህ ሥርዓት ተለምዷል። ነገር ግን በኦፋና በዙሪያዋ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ፖሊስና የተጻፈ የወንጀል መዝገብ ከሦስት ወይም ከአራት ትውልድ የሚያልፍ ዕድሜ የላቸውም። ከዚያ በፊት በነበረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወላይታ ሁለት ጊዜ በጦር ተይዛለች፤ በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራዊት፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ። ሁለቱም ገዥዎች ጸጥታ አስከበርን ብለዋል።

በእንዲህ ያለ አገር ወንጀል ጨመረ ወይም ቀነሰ ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። በየዘመኑ ወንጀለኛ ተብሎ የታሰረው ማን ነበር? ሕዝቡን ከሁሉ ይበልጥ የጎዳው ድርጊትስ በማን እጅ ይፈጸም ነበር? እኔ እንደማየው በወላይታ ታሪክ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ የገጠመው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የታሰረው ሌላ፣ ያጠፋው ሌላ የሆነበት ዘመን ረጅም ነው።

ከ1887 በፊት ወላይታ ካዎ በሚባል ንጉሥ የሚመራ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበረች። ከካዎው በታች ግዛት የሚያስተዳድሩ ዳናዎች፣ ከእነሱም በታች የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ዳር ድንበሩ በካብና በጉድጓድ የታጠረ፣ መግቢያው በኬላ የሚጠበቅ ነበር፤ የካዎ አማዶ ካብ በመባል የሚታወቀው የድንጋይ አጥር ርዝራዥ እስከ ዛሬ ቆሟል። የዕለት ተዕለቱን ነገር የሚዳኙት ግን ጭማ የሚባሉት ሽማግሌዎች ናቸው። በጉታራ፣ ማለትም በአደባባይ በሚቆም የሽምግልና ጉባኤ፣ በዳይና ተበዳይ ወገኖቻቸውን ይዘው ፊት ለፊት ይቀርባሉ፤ ነገሩ ይጣራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ሽማግሌው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ የለውም። ከጀርባው የቆመው ጎሜ ነው፤ ነውር የሠራ ሰው ጥፋቱን ካልተናገረ ክፉው በልጁ፣ በከብቱና በእርሻው ላይ ይደርሳል የሚለው እምነት። ሰው የገደለና የወሰን ድንጋይ ያነሣ ሰው በምስክር ባይያዝ እንኳ በጎሜ ፍርሃት ራሱ ወጥቶ ይናገራል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ያን ዘመን እንከን የለሽ አድርጎ መሳል ለማንም አይጠቅምም። የካዎዎቹ ጦር በጎረቤት አገር ላይ ዘምቶ ምርኮኛ ያመጣ ነበር። አይሌ የሚባሉ ባሮች ነበሩ፤ ሸክላ የሚሠሩት ጭናሻዎችና ቆዳ የሚያለፉት ደገላዎች ጎቃ ከሚባለው ነጻ ሰው ጋር እኩል ተቀምጠው ነገር የሚናገሩበት ሸንጎ አልነበረም። ባሪያውን የበደለ ጌታ በማን ፊት ይከሰሳል? ጉታራው ሰፊ ቢሆንም ሁሉን አያስቀምጥም ነበር፤ ዛሬ የሽምግልና ባህልን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ሲዘሉት አዝናለሁ።

ቀደም ብለው የተሞከሩ ዘመቻዎች ከተመከቱ በኋላ፣ በ1887 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ምኒልክ ራሳቸው ብዙ ሠራዊት አስከትለው ዘመቱ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው የፈረንሳይ የንግድ ድርጅት ወኪል ቫንደርሄይም በዓይኑ ያየውን ጽፎ አሳትሟል፤ የሬሳውን ብዛት፣ የሚነዳውን ከብት፣ እየታሰሩ የሚጎተቱትን ሴቶችና ልጆች። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው በወላይታ ምድር በአንድ ወቅት ከተፈጸመው ግድያና ዘረፋ ሁሉ ትልቁ የቱ እንደሆነ አይጠፋውም። በወንጀል ግን ማንም አልተጠየቀበትም፤ ዘመቻ ነበርና። ድርጊቱን አገር ማቅናት የሚለው ወገንና ቅኝ ግዛት የሚለው ወገን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለገበሬው ግን ከዘመቻው በኋላ የመጣው አስተዳደር ራሱ ይናገራል።

በሶዶና በዙሪያዋ የሰፈረው ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ደመወዙ ሰው ነበር። ለያንዳንዱ እንደ ማዕረጉ ገባር ተመድቦለት፣ ገባሩ እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤትና አጥር ይሠራል፣ ሚስቱ እህል ትፈጫለች፣ ጌታው ሲዘምት ስንቁን ይሸከማል። ከገባሩ ግዴታዎች አንዱ ደግሞ እስረኛ መጠበቅ ነበር። ይህን ዝርዝር ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ለእኔ ግን የዘመኑን የጸጥታ አያያዝ ከምንም በላይ የሚያሳይ ነው። መንግሥት ወኅኒ ጠባቂ አይቀጥርም፤ ገባሩ ተራው ሲደርስ እርሻውን ትቶ የራሱን ጎረቤት ይጠብቃል። እስረኛው ቢያመልጥ ዕዳው የጠባቂው ነው። ስለዚህ የታሰረው ብቻ ሳይሆን ሥራ ፈቶ የሚጠብቀውም ይቀጣል።

ዳኛውም ደመወዝ አልነበረውም። የሚኖረው ከዳኝነት ገንዘብ፣ ከመቀጫና ከውርርድ ነው። ተሟጋቾች በክርክር መካከል በማር፣ በበቅሎ፣ በብር ይወራረዳሉ፤ የተረታው የተወራረደበትን ለዳኛው ያገባል። አማርኛ ተናጋሪው ተሟጋች በዚህ ሙግት ውስጥ ያደገ ነው፤ ተጠየቅ ሲባል ምን እንደሚመልስ ያውቃል። የኦፋ ገበሬ ግን በማያውቀው ቋንቋ፣ በማያውቀው የሙግት ሥርዓት፣ መሬቱንና ጉልበቱን በያዘው ሰው ወገን ፊት ይቆማል። አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ አስተርጓሚው ይከፈለዋል። ዳኛው ከመቀጫ የሚኖር ከሆነ ደግሞ የተካሰሰ ሰው ሁሉ ገቢ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት የክስ መብዛት የሌባ መብዛት ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም።

ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የሚጠራው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ሥርዓቱ ከሰሜን የመጣ ሲሆን ሹማምንቱ በደረሱበት ሁሉ ተሠርቶበታል። ከብት የጠፋበት ሰው አቤት ሲል ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ በተራው እየማለ የሰማውን እንዲናገር ይጠየቃል። በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው ቃሉን በምስጢር ያደርሳል፤ ይህም የወፍ ቃል ይባላል፤ ወፍ ነገረኝ እንደማለት ነው። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ጉባኤው ቀን በቀን ሊቀጥል ይችላል፤ ዘሩ አልተዘራም፣ አዝመራው አልተሰበሰበም ተብሎ አይፈታም። በመጨረሻ ካልተገኘ ያገሩ ሰው የጠፋውን ንብረት አዋጥቶ ይከፍላል።

አውጫጭኝን አረመኔያዊ ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው። ሆኖም መርማሪ፣ አሻራ፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት አገር ምስጢር የሚያውቀው ጎረቤት ብቻ ነው፤ ጎረቤትን የሚያናግር መንገድ መሆኑ አያጠራጥርም። ሰው እርስ በርሱ በሚተማመንበት፣ ዳኛውም የራሱ በሆነበት ቦታ ከሽምግልና ብዙ አይርቅም። መከራ የሚሆነው ጠሪው ባዕድ ጌታ ሲሆን ነው። የጌታው በቅሎ ስትጠፋ አገሩ በሙሉ ይሰበሰባል፤ የገባሩ ላም ስትጠፋ ግን ማን ይሰበስብለታል? የወፉም ቃል ቂም መወጫ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ሌባ ሻይ ነበር፤ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁትና ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከሰሳል። ልጅ ኢያሱ ይህንና ባለዕዳን ከባለገንዘብ ጋር የሚያቆራኘውን ቁራኛ ለማስቀረት መሞከራቸው ከሥራቸው ሁሉ በጎ ሆኖ ይታየኛል።

የዘመኑ ትልቁ ወንጀል የትኛው ነበር ቢባል ባሪያ ፍንገላ ነው። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ዳውሮና ከፋ የባሪያ ነጋዴ መንገዶች የሚያልፉባቸው አገሮች ነበሩ። ከዘመቻው ምርኮኛ ሌላ፣ ግብር መክፈል ያቃተው ልጁን ሲያጣ፣ ሕፃን ከከብት ጥበቃ ሲነጠቅ፣ ሰው በሌሊት ሲወሰድ ኖሯል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፣ በ1923ም ሌላ ተጨመረ። ሕጉ በአዲስ አበባ ተጻፈ፤ ፈጻሚው ግን በየጠቅላይ ግዛቱ ያለው ሹም ነው፣ ከሹማምንቱም ብዙዎቹ ራሳቸው ባሮች ነበሯቸው። አንድ ልጅ ሲሸጥ ያየ የኦፋ ሰው ነገሩን ይዞ የሚሄደው በባሮች ወደሚገለገል ዳኛ ሊሆን ይችላል። ሕግ ወንጀል ያለው ነገር መዝገብ ላይ ሳይወጣ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ ዘመን በደቡብ አዋሳኛችን ኬንያ እንግሊዞች በሌላ መንገድ ይገዙ ነበር። እዚያም በደመወዝተኛ አለቆችና አስካሪ በሚባሉ ታጣቂዎቻቸው አማካይነት፣ የጋራ ቅጣት የሚፈቅድ ሕግ ታውጆ፣ የአንድ ሰው ጥፋት በመንደሩ ከብት ይከፈል ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አፍሪካዊው ወንድ ሁሉ ኪፓንዴ የሚባል የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲሄድ ተገደደ። ከነጭ ገበሬ ሥራ ሳይፈቀድለት የወጣ ሰው ወንጀለኛ ሆነ፤ የጎጆ ግብር ያልከፈለም እንዲሁ። የኬንያ ታሪክ ጸሐፊ ግን ዛሬ ቢሮ ገብቶ የፍርድ ቤትና የአውራጃ ሹም ዓመታዊ ዘገባ ያገኛል፤ ከታሰሩት ስንቱ በስርቆት፣ ስንቱ በግብርና በወረቀት ምክንያት እንደታሰረ ይቆጥራል። ወላይታ ውስጥ የገባሩ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት አልተወልንም። የተረፈን የሽማግሌ አንደበት፣ የመንገደኛ ማስታወሻና የሚሲዮን ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ለዚያ ዘመን የወንጀል አኃዝ እጠቅሳለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ከየት አመጣኸው መባል አለበት።

ኢጣሊያኖች ወላይታን የያዙት በ1929 ዓ.ም. ነው። ሶዶን ማዕከሉ ጅማ በነበረው የደቡብ ምዕራብ ገዥነት ሥር አድርገው፣ ሬዚዴንቴ የሚሉትን ሹም ሾሙ። ካራቢኜሪ የሚባለው ጸጥታ አስከባሪ መጣ፣ አስካሪ መጣ፣ ከአገሬው የተመለመለ ባንዳም ተደራጀ። ገባርነትና ባርነት ቀረ ብለው አወጁ፤ የነፍጠኛውን መሣሪያ መግፈፍ ጀመሩ። ይህን በድፍረት መናገር ያስፈልጋል፦ ለብዙ የወላይታ ገበሬ የጌታው እህል መስፈር መቅረቱ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ወራሪው ይህን ያደረገው ለገበሬው አዝኖ አይደለም፤ አገሩን በብሔርና በሃይማኖት ከፍሎ ለመግዛት ነው። እፎይታው ግን ስለ ወራሪው ሐሳብ ሲባል ሐሰት አይሆንም። ከነጻነት በኋላ የተጻፉ ብዙ የአርበኝነት ታሪኮች በዚህ ቦታ ላይ ዝም ማለታቸው የወላይታን ሰው ትዝታ ከብሔራዊው ታሪክ ውጭ አድርጎት ቆይቷል።

አዲሱ ጌታ አዲስ ወንጀሎች ይዞ መጣ። ሙሶሊኒ ገና በ1928 ዓ.ም. ክረምት የተማረከ ዐማፂ ሁሉ እንዲረሸን፣ በኋላም የማሸበርና የመፍጀት ፖሊሲ በዘዴ እንዲካሄድ ለእንደራሴው ለግራዚያኒ በቴሌግራም አዟል። በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ አዝማሪ፣ ጠንቋይና ትንቢት ተናጋሪ እየተለቀሙ እንዲገደሉ ተወሰነ፤ የፋሺስት መንግሥት መጥፊያ ደረሰ የሚል ወሬ ያወራሉ ተብለው ነው። በሚያዝያ 1929 ደግሞ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። መዝፈን፣ ሕልም መፍታት፣ አብሮ መኖር ወንጀል ሆኑ። ለመንገድ ሥራ ሰው በግድ ማውጣት ግን ሥራ ነው።

በወላይታ የዚህ ዘመን የፖሊስ ሥራ ከሁሉ ጎልቶ የታየው በወንጌል አማኞች ላይ ነው። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው ድርጅት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወላይታ ገብቶ ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። በ1929 ሚሲዮናውያኑ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ሲደረግ የተጠመቁት ወላይታዎች 48 ብቻ ነበሩ። ኢጣሊያኖች አማኞቹን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰላዮች አድርገው ቆጠሯቸው። የጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ። ሃምሳ ያህል መሪዎች ሶዶ ታስረው እያንዳንዳቸው መቶ ጅራፍ ተገረፉ፤ አንዱ አራት መቶ። ሦስቱ ሞቱ። ከታሰሩትና ከተገረፉት መካከል ዋንዳሮ ዳባሮ ይገኙበታል፤ ስማቸው በወላይታ እስከ ዛሬ በአክብሮት ይነሣል። እስር ቤቱ ምግብ አይሰጥም ነበርና አማኞች በተራ ስንቅ እያቀበሉ እስረኞቹን አኖሩ። የማያምን ሰው ይህን እያየ ተገረመ፤ ብዙዎቹም ተከተሉ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቋቸው አማኞች 10,000 ገደማ ደርሰው ነበር። ኋላ ቃለ ሕይወት ተብላ የተደራጀችው ቤተ ክርስቲያን በወላይታ የጸናችው በዚያ እስር ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በወራሪው መዝገብ እነዚህ ሰዎች ወንጀለኞች ናቸው፤ የእነሱ ቁጥር በኢጣሊያ ዘመን የወላይታ የወንጀል ብዛት ውስጥ ተደምሯል ማለት ነው።

ግንቦት 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፉት የአፍሪካ ብርጌዶች ሶዶ ገቡ፤ ሁለት የኢጣሊያ ጄኔራሎችም ተማረኩ። የተሸነፈ ጦር ጥሎት የሚሄደው መሣሪያ ብዙ ነው። ትናንት ባንዳ የነበረው፣ ትናንት መሣሪያውን የተገፈፈው ጌታ፣ ትናንት ገባር የነበረውና ከእንግዲህ አልገብርም የሚለው ሁሉም በአንድ አውራጃ ተገናኙ። ጌታው መሬቴን ብሎ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የተደረገ ግድያና ዘረፋ ሁሉ ሽፍትነት ተብሎ ተጠቃሏል፤ ቀረብ ብሎ ቢታይ ግን የመሬትና የገባርነት ሙግት የሚታይበት ጉዳይ ጥቂት አይደለም።

የዛሬው ፖሊስ መሠረት የተጣለው በዚያን ጊዜ ነው። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ቀድመው ከወጡት መካከል ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 2 እና የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ይገኛሉ። በነሐሴ ወር ባርነትን የሚያጠፋው አዋጅ ቁጥር 22ና የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ተከተሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገረ ገዥው የራሱን ጦር አያኖርም፤ ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል፤ ግብር ለግምጃ ቤት ይገባል። በእንግሊዝና በኢትዮጵያ ስምምነት መሠረት የፖሊስ ኮሚሽነሩና መኮንኖቹ መጀመሪያ ላይ እንግሊዞች ነበሩ። በ1939 የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ። ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነች፤ ዋና ከተማዋም ሶዶ።

ለውጡ በወረቀት ላይ ትልቅ ነው፤ በእውነትም ትልቅ ነው። ከመቀጫ የማይኖር ዳኛ መምጣቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው የተቀጣው ነው። ነገር ግን ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ሶዶ ነው ያለው፤ ገጠሩ በነጭ ለባሽ ይጠበቃል። ነጭ ለባሹ ያገሩ ሰው ነው፤ ዩኒፎርም የለውም፣ መሣሪያው የራሱ ወይም በአደራ የተሰጠው ነው፣ አለቃው ጭቃ ሹሙ ወይም ባላባቱ ነው። ሌባ ያሳድዳል፣ እስረኛ ያደርሳል፣ የግብር ባለዕዳም ይይዛል። በ1939 ዓ.ም. የወጣው የአጥቢያ ዳኛ አዋጅ ቁጥር 90 እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይና እስከ 15 ብር የሚያስቀጣ ጥቃቅን ወንጀል በቅርብ እንዲታይ ፈቀደ። አጥቢያ ዳኛውም ብዙውን ጊዜ መሬት ያለው ሰው ነው። ጭሰኛና ባለመሬት ሲካሰሱ ዳኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይነገር ይታወቃል።

በ1949 ዓ.ም. ዘመናዊው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 የሥነ ሥርዓት ሕጉ ወጡ። ሁለቱም አውጫጭኝን አያውቁም፤ ስም አጥፊውን ወፍ በመሐላ የሚመሰክር ሰው ተካው። እዚህ ላይ አንድ ችግር ይታየኛል። ሕጉ የሚፈልገው ወንጀል ሲፈጸም በዓይኑ አይቶ፣ ሶዶ ድረስ ሄዶ፣ በማያውቀው ቋንቋ ለመመስከር የሚችል ሰው ነው። ከኦፋ መጥቶ ለሦስትና ለአራት ቀጠሮ የሚመላለስ ምስክር እርሻው ጠፍ ይሆናል፤ ከተከሳሹ ዘመዶች ጋርም ቂም ይጋባል። ስለዚህ ብዙ ጉዳይ መዝገብ ሳይከፈትበት በጭማ ፊት አለቀ፤ የተከፈተውም ምስክር ስላልቀረበ ተዘጋ። የፖሊስ መዝገብ በመንገድና በከተማ አቅራቢያ ያበዛል፣ በሩቅ ገጠር ያሳንሳል። የሃምሳዎቹንና የስድሳዎቹን ዘገባ አንብቦ ከተማው ሌባ፣ ገጠሩ ሰላም ነበር የሚል ሰው የመንገዱን ርቀት አነበበ እንጂ ወንጀሉን አላነበበም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላልፈው። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋዱ፣ ማዳበሪያና ብድር አመጣ፤ መሬት ዋጋ ሲያወጣ የወሰን ጠብም በረታ። የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬት አዋጅን ሲያውጅ ጭሰኝነት አበቃ፤ ለገሱባ አካባቢ ገበሬ ከ1887 ወዲህ የደረሰለት ትልቁ ፍርድ ይህ ነው ብል አልተሳሳትኩም። የገበሬ ማኅበራት የራሳቸው የፍርድ ሸንጎና ጥበቃ አገኙ። ሸንጎው በቋንቋው የሚናገር፣ በእግር የሚደረስበት ችሎት ነበር፤ ወዲያው ግን የዘመቻ ኮታ፣ የግዳጅ ምልመላና የአብዮት ጠላት ፍለጋ መሣሪያ ሆነ። ልጁን ከውትድርና የደበቀ አባት አዲሱ ወንጀለኛ ነው።

ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሷን የቻለች ዞን ከመሆኗ በፊት በ1992 ኅዳር በሶዶ የተነሣው ተቃውሞ በጥይት ተመልሷል፤ ሰበቡ በተቀላቀለ ቋንቋ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ነበር። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ መሪዎች ሲታሰሩ በሶዶና በቦዲቲ ሰው ሞተ። ጥያቄ ያነሣ ሰው መጀመሪያ የጸጥታ ሥጋት ተብሎ፣ ጥያቄው በኋላ ሕጋዊ ሆኖ ሲመለስ አይተናል። በ1992 የታሰሩበት ጥያቄ ከአንድ ዓመት በኋላ ዞን ሆነ። የሞቱት ግን አልተመለሱም፤ በእነሱ ሞት የተጠያቂዎችን መዝገብ ፈልጎ ማሳየት የመንግሥት ዕዳ ነው።

ዛሬ ኦፋ ውስጥ ፖሊስና ሽማግሌ አብረው ይሠራሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት በየቀበሌው ሰው መድቧል፤ ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ፍርድ ቤት ገዳዩን ከፈረደበት በኋላም ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ ያስታርቃሉ፤ ካልታረቁ ገዳዩ ከእስር ሲወጣ ሌላ ሬሳ ይከተላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህላዊ ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ወንጀልን አይጨምርም። ስለዚህ ለሰላሙ ከሁሉ የሚበጀው ሥራ በሕግ ስም የለውም። የሽማግሌው እርቅ በፍርድ ቤት እንዲታወቅ ቢደረግ እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ሲጠበቅ ግን። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በበግና በገንዘብ ሊያልቅ አይገባም። በድሮው ጉታራ አይሌው አልተቀመጠም፤ በዛሬው ሽምግልናም ልጅቷ ሳትጠየቅ አባቷና የደፈራት ሰው ወገኖች የሚጨባበጡበት ጊዜ አለ።

ሌላው ጉዳይ የልጆች ዝውውር ነው። መሬት በጠበበበት በወላይታ ገጠር ደላላ መጥቶ ልጁ አዲስ አበባ ይማራል፣ ሥራ ይለምዳል ብሎ ይወስዳል፤ ልጁ ጫማ ሲጠርግ፣ ሎተሪ ሲያዞር፣ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ያለ ክፍያ ሲውል ይገኛል። ትልልቆቹን ደግሞ የደቡብ አፍሪካ መንገድ ይጠብቃቸዋል። አዋጅ ቁጥር 909/2007፣ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም ይህን በከባድ እስር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርገውታል። እንደ 1916ቱ አዋጅ ሁሉ ሕጉ ደህና ነው። ችግሩ ከሳሽ ማጣት ነው። ደላላው አጎት፣ የሠፈር ልጅ ወይም የአምናው ተመላሽ ነው፤ እናት ልጇን መርቃ ትሸኛለች፤ የተላከ ጥቂት ብር ሲመጣ ነገሩ ዝም ይባላል። በፖሊስ መዝገብ ላይ ይህ ወንጀል ትንሽ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ሆኖም የሚያውቀው ሰው አለ። የትምህርት ቤቱ መምህር መስከረም ላይ ከስም መጥሪያው የጎደሉትን ልጆች ያውቃል፤ የቀበሌው ሽማግሌ ማን ማንን ይዞ እንደወጣ ያውቃል፤ ሶዶ መናኸሪያ ያለው የአውቶቡስ ረዳት ከማን ጋር እንደተሳፈሩ ያያል። ይህን ዕውቀት አንድ ላይ ለማምጣት አገሩን በሙሉ ሜዳ ላይ ማዋል አያስፈልግም። መምህሩ የጎደሉትን ልጆች ስም ለወረዳው ፖሊስ በየወሩ የሚያቀርብበት ግዴታ፣ ፖሊሱም እያንዳንዱን ቤት የሚጠይቅበት በጀት፣ መናኸሪያው ላይም ያለ ወላጅ የተሳፈረን ልጅ የሚያስቆም ሰው ይበቃል። ይህ ሲሆን በገሱባ መዝገብ የወንጀሉ ቁጥር በአንድ ዓመት እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያን ጊዜ አለቆቹ ወንጀል ጨመረ ብለው የወረዳውን ፖሊስ እንዳይወቅሱት ከአሁኑ ይታወቅ።